ግድግዳ በእጅ ሲነበብ

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው ይዤላችሁ የመጣሁት፤ ቡናችሁን ይዛችሁ ተረጋግታችሁ አንብቡት።

ስለ ታሪካዊ ሕንፃ ስናወራ ብዙ ጊዜ የምንጠይቀው ሦስት ጥያቄ ነው። ማን አሠራው? መቼ ተሠራ? ቁመቱ ስንት ነው? አንድ ጥያቄ ግን ሁሌም ይቀራል። ሲነኩትስ? ሻካራ ነው ለስላሳ? እጅ ላይ ይሞቃል ይቀዘቅዛል? ድምፅ ይውጣል ወይስ መልሶ ይወረውራል? በባዶ እግር ሲረግጡት ምን ይላል?

ይህ ጉዳይ በአርክቴክቸር ትምህርት ራሱን የቻለ ርዕስ ነው፤ ባለሙያዎቹ «ቴክስቸር» ይሉታል። በአማርኛ ልስላሴ፣ ሻካራነት፣ ወዝ፣ ገጽ ብንለው ሁሉም ትንሽ ትንሽ ይነካዋል እንጂ አይጨርሰውም። እኔ ለዚህ ጽሑፍ «የቤት ገላ» ብዬዋለሁ። ቤት እንደ ሰው ገላ አለው። ይቀባል፣ ይሰነጠቃል፣ ያረጃል፣ ይጠገናል። ታሪክ ደግሞ በመጽሐፍ ብቻ አይጻፍም፤ በቤት ገላ ላይም ይጻፋል። እስቲ ከራሳችን ከአዊ እንጀምር።

እንጅባራ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። ዳንግላ ዝቅ ትላለች፤ ከ2,100 ሜትር ትንሽ በላይ ናት። ክረምቱ ረጅም ነው፣ ዝናቡ ብዙ ነው፣ ብርዱን ደግሞ ኮሶ በር ላይ ያደረ ሰው ያውቀዋል። የዚህ አገር ቤት ከዚህ አየር ጋር ሲታገል የኖረ ቤት ነው።

የጭቃ ቤት አሠራሩን አይታችሁት ከሆነ ታውቁታላችሁ። ቋሚው ይተከላል፣ ማገሩ ይታሰራል። አፈር ተቆፍሮ ውኃ ይጠጣል፤ የጤፍ ጭድ ይጨመርበትና በእግር ይረገጣል። ወዲያው ግን አይለጠፍም፤ እየተረገጠ ለቀናት እንዲብላላ ይተዋል። ጭዱ በስብሶ ጭቃውን ያጣብቀዋል፣ ሲደርቅ እንዳይሰነጠቅም ይይዘዋል። የመጀመሪያው ምርጊት ሻካራ ነው። ሻካራ የሚሆነው ሠሪው ስለሰነፈ አይደለም፤ ቀጣዩ ልባስ የሚይዘው በዚያ ሻካራነት ስለሆነ ነው። ከዚያ ላይ ለስለስ ያለ ጭቃ ይመጣል። በመጨረሻ እበት፣ አፈርና አመድ ተደባልቆ ይለቀለቃል። ግድግዳው በአንድ ጊዜ ሳይሆን በሦስት ንብርብር ገላ ያወጣል ማለት ነው።

ማገሩንና ጣራውን ወንዶቹ በደቦ ይሠሩታል። ምርጊቱ የሁሉም ነው። ልቅለቃው ግን የሴት እጅ ነው። የሚለቀለቀው በመዳፍ ነው፤ መዳፍ ደግሞ ቀጥ ብሎ አይሄድም፣ ከትከሻ እየዞረ ግማሽ ክብ ይሠራል። ስለዚህ ጠዋት የበሩ ብርሃን በጎን ሲገባ፣ ግድግዳው ላይ ተደራራቢ ግማሽ ክቦች ይታያሉ፤ የጣቶች መንገድ ሳይቀር። በልጅነቴ የሰፈር ሴቶች ግድግዳ አይተው «ይህ የእገሊት እጅ ነው» ሲባባሉ እሰማ ነበር። ጽሑፍ የማያነቡ ሴቶች ናቸው፤ ግን እጅ ያነቡ ነበር። ይኸ ልቅለቃ ለእንቁጣጣሽ፣ ለመስቀል፣ ለፋሲካ ይታደሳል። ስለዚህ አንድ አሮጌ ግድግዳ ፍርፋሪው ሲወድቅ ውስጡ እንደ እንጨት ቀለበት ንብርብር ነው፤ የብዙ በዓላት ልባስ አንዱ በአንዱ ላይ ተኝቶ ታያላችሁ። ማን ፈረመበት? ማንም። ስም የሌለው ፊርማ ነው።

ከዚያ ደግሞ መደቡ አለ። ግድግዳው ከታች ወጣ ብሎ መቀመጫም መኝታም ይሆናል። ልጅ በመደብ ላይ ተኝቶ ጀርባውን ለግድግዳ ሲሰጥ፣ ቀን ምድጃው ያሞቀው ጭቃ ሌሊቱን ሙቀቱን ቀስ እያለ ይመልስለታል። ከላይ የሣር ክዳኑ ጭሱን እያሳለፈ፣ ጥላሸቱን ይዞ ይጠቁራል። ያ ጭስ ዓይን ያቃጥላል፣ ግን ነቀዝን ያባርራል፣ ክዳኑንም ያቆየዋል። የዝናቡ ድምፅ በሣሩ ውስጥ ስለሚሰጥም፣ ውጭ አገር ምድር ሲናጥ ውስጥ ተረት ይወራል።

ሌላው የአዊ ገላ ቀርከሃ ነው። ባንጃና እንጅባራ አካባቢ የደጋ ቀርከሃ ገበሬው በጓሮው የሚያበቅለው ሀብት ነው። አጥር ይሆናል፣ ወንበርና አልጋ ይሆናል፣ ቅርጫት ይሆናል፣ ጣራ ይሸከማል። የተጠላለፈ የቀርከሃ አጥር ከድንጋይ አጥር የሚለየው በጥንካሬ ብቻ አይደለም። ነፋስ ያሳልፋል፣ ብርሃን በቀጭን በቀጭኑ ይጥላል፣ የጎረቤት ድምፅ ይገባል። የሚያልፈው ሰው ጥላውን አሳይቶ «እንደምን ዋላችሁ» ብሎ ያልፋል። ማለትም የአጥሩ ገላ ጉርብትናን ይወስናል። ብሎኬት አጥር ከቆመ በኋላ ሰላምታው በሩ ላይ በመጥሪያ ሆነ።

በቀርከሃ እኛ ብቻ አይደለንም። በጋሞ ደጋ ዶርዜዎች ቤታቸውን ከላይ እስከ ታች በቀርከሃ ይሸምኑታል፤ አዲስ ሲሆን እስከ 12 ሜትር ሊደርስ ይችላል። ሥሩን ምስጥ ሲበላው የተበላው ይቆረጣል፣ ቤቱም በዓመታት እያጠረ ይሄዳል። በሽመና የታወቀ ሕዝብ ቤቱንም መሸመኑ አይገርምም። እጅ የለመደውን ነው ግድግዳ ላይ የሚደግመው።

አሁን ትልቁን ታሪክ እናንሳ። አክሱም።

የአክሱምን ሐውልቶች ሁላችንም በፎቶ እናውቃቸዋለን። ትልቁ፣ ወድቆ የተሰባበረው፣ 33 ሜትር ያህል ነው። ሁለተኛው 24 ሜትር ያህል ሆኖ፣ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ሮም ተወስዶ በ1997 ዓ.ም ተመለሰ፣ በ2000 ዓ.ም ዳግም ቆመ። ቁመቱንና ፖለቲካውን እንተወውና ገላውን እንየው። ከግርጌው በር ተቀርጿል፣ መዝጊያ ሳይቀር። ወደ ላይ መስኮቶች አሉ። በፎቁና በፎቁ መካከል ክብ ክብ ነገር ተደርድሯል። እነዚያ ክቦች ምንድን ናቸው? የግንድ ጫፎች ናቸው። የአክሱም ዘመን ቤት በድንጋይና በእንጨት እየተፈራረቀ ይሠራ ነበር፤ ግድግዳውን የሚያስተሳስሩት እንጨቶች ጫፋቸው ወደ ውጭ ብቅ ይላል። «የዝንጀሮ ራስ» የሚባሉት እነሱ ናቸው። ደብረ ዳሞ ብትሄዱ፣ ላስታ የይምርሐነ ክርስቶስን ቤተ ክርስቲያን ብታዩ፣ ይኸው ድንጋይና እንጨት የሚፈራረቅበት አሠራር ቆሞ ይጠብቃችኋል።

እንግዲህ አስቡት። ከአንድ ወጥ ድንጋይ ሐውልት የሚጠርብ ሰው የእንጨት ጫፍ አያስፈልገውም። የሚሸከመው ወለል የለም፣ የሚያስረው ግድግዳ የለም። ግን ቀረጸው። ለምን? የአገሬው ሰው ቤትን ቤት ብሎ የሚያውቀው በዚያ ገላ ስለሆነ ይመስለኛል። ለሞተ ንጉሥ ወይም መኳንንት የድንጋይ «ቤት» ሲያቆሙ፣ በሕይወት እያለ ይኖርበት የነበረውን ቤት ገላ አለበሱት። ለእኔ የአክሱም ሐውልት እንጨትን የሚያስታውስ ድንጋይ ነው።

ላሊበላ ደግሞ ተቃራኒው ነው። እዚያ አልተገነባም፣ ተቀነሰ። 11ዱ አብያተ ክርስቲያናት ከእሳተ ገሞራ አለት ተፈልፍለው የወጡ ናቸው። ውጪያቸውን ብታስተውሉ የመሮ ምት ይታያል። ውስጥ ስትገቡ ደግሞ ወለሉ ወጣ ገባ ነው፤ የዘመናት እግር ደፉን አሟልጦታል፣ መሐሉን አጎድጉዶታል። እዚያ ቤት ውስጥ ማንም በፍጥነት አይራመድም። ዓይን ከደማቅ ፀሐይ ወደ ጨለማ ገብቶ ገና ሳይለምድ፣ መንገዱን የሚነግረው እግርና እጅ ነው። ግድግዳ ይዞ መሄድ ግድ ይላል። ያ ግድግዳ በብዙ ሺህ እጅ ተዳስሶ ወዝ አውጥቷል። ተሳላሚ ይስመዋል፣ ግንባሩን ያስደግፍበታል። አለቱ ከሰው ገላ ወዝ ወስዷል፤ ሰውም ከአለቱ ቅዝቃዜና ጸጥታ ይወስዳል።

ጎንደር ስንመጣ ሌላ ገላ እናገኛለን፤ ኖራ። በአፄ ሱስንዮስ ዘመን የኖራ አሠራር ከህንድ በመጣ ሰው እንደታወቀ የኢየሱሳውያን ሚስዮናውያን ጽፈዋል። አፄ ፋሲል ጎንደርን በ1628 ዓ.ም ሲቆረቁሩ ጥቁሩ ድንጋይ በኖራ ተያያዘ። ብልሃቱን ልብ በሉ፤ ትልቁ ግድግዳ ሻካራና ጥቁር ነው፣ በብዙ ቦታ የበሩና የመስኮቱ ቅስት ግን በተጠረበ ቀይ ድንጋይ ተከቧል። ሻካራው «አትቅረብ» ይላል፣ የተጠረበው «በዚህ ግባ» ይላል። ያለ ጽሑፍ፣ ያለ ምልክት፣ ድንጋዩ ራሱ አሽከር ሆኖ ይቀበላችኋል።

የጎጃምን ክብ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ በዚህ ዓይን እዩት። ዘጌ ላይ ያለውን ዑራ ኪዳነ ምሕረትን የጎበኘ ይገባዋል። መጀመሪያ ጫማ ይወልቃል። ይህ የአክብሮት ሥርዓት ነው፤ ግን ሌላም ነገር ያደርጋል። እግርን ከጫማ አውጥቶ አንባቢ ያደርገዋል። የግቢው ሣር፣ ከዚያ ደጀ ሰላሙ፣ ከዚያ የቅኔ ማኅሌቱ ምንጣፍና ጉዝጓዝ። እየገባችሁ በሄዳችሁ ቁጥር ብርሃኑ እየቀነሰ፣ ከእግር በታች ያለው እየለሰለሰ ይሄዳል። መሐል ላይ መቅደሱ አራት ማዕዘን ሆኖ ይቆማል። ግድግዳው ጭቃ ነው፤ በላዩ ላይ ጨርቅ ተለጥፎ ሥዕሉ በጨርቁ ላይ ያርፋል። ጭቃው ሥዕሉን ተሸከመ፣ ጨርቁ ቀለሙን ያዘ። ውስጠኛው ምሥጢር ደግሞ በመጋረጃ ተሸፈነ። ድንጋይ ያልሆነ፣ ወርቅ ያልሆነ፣ ግን ሰውን ዝም የሚያሰኝ ቦታ ነው።

ዳንግላን በዚህ ታሪክ ውስጥ ማንሳት ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሮበርት ቺስማን መቀመጫው ዳንግላ ነበር። ከዚህ እየተነሣ በበቅሎና በታንኳ የጣናን ደሴቶች ዞሯል፣ የዓባይን መንገድ ለክቷል፤ እ.ኤ.አ. በ1936 መጽሐፉን አሳትሟል። የእኛ አገር ገዳማት በውጭ አንባቢ ዘንድ ከታወቁበት አንዱ መንገድ ከዳንግላ የወጣ ነው ማለት ነው። የእኛ ልጆች ግን ዛሬም ዳንግላን በመናኸሪያዋ ነው የሚያውቋት።

ከዚያ ቆርቆሮና ሲሚንቶ መጡ። የአገራችን የመጀመሪያው የሲሚንቶ ፋብሪካ በጣሊያን ወረራ ዘመን ድሬዳዋ ላይ ተተከለ። ቆርቆሮ ከዚያ ቀድሞ ገብቶ ነበር፤ መጀመሪያ ለቤተ መንግሥትና ለቤተ ክርስቲያን፣ ቀስ እያለ ለባለሀብት፣ በኋላ ለሁሉም ደረሰ። በእኛ ዞን ዛሬ የሣር ክዳን ፈልጎ ማግኘት ራሱን የቻለ ጉዞ ነው።

እዚህ ላይ ፍርድ እንዳናዛባ። ቆርቆሮ በግድ አልተጫነብንም፤ ሰው ፈልጎት ነው የገዛው፣ ምክንያትም ነበረው። ሣር በየጥቂት ዓመቱ ይቀየራል፣ ያፈሳል፣ እሳት ሲነሣ መንደር ይጨርሳል። የግጦሽ መሬት ሲጠብ ደግሞ የክዳን ሣር ራሱ ጠፋ። የጭቃ ግድግዳም እንደዚያው ነው። ያ የማደንቀው ግማሽ ክብ የሴት ጉልበት ነው። እበት የሚለቅመው፣ ውኃ የሚሸከመው፣ በየበዓሉ ጎንበስ ብሎ የሚለቀልቀው እሷ ናት። አንዲት እናት ሲሚንቶ ወለል ሲገባላት «ወገቤ አረፈ» ብትል፣ «እማማ፣ ቅርስ አጠፉ» የሚላት ሰው ቢያፍር ይሻለዋል።

ስለዚህ ጥያቄዬ «ወደ ጭቃ እንመለስ ወይ» የሚል አይደለም። ጥያቄዬ ስንለውጥ ምን እንደለወጥን አውቀናል ወይ የሚል ነው።

ሦስት ነገር ልጥቀስ።

አንደኛ፣ ድምፅ። ሐምሌ ወይም ሰኔ ላይ በቆርቆሮ ክፍል ያስተማረ መምህር ይመስክር። ዝናቡ ሲወርድ ትምህርቱ ይቆማል፤ መምህሩ አፉን ይከፍታል፣ ተማሪው ከንፈር ያያል። ጠመኔ ይዤ በመስኮት ዝናቡን ስጠብቅ ያለፈው ሰዓት ቢደመር ስንት ክፍለ ጊዜ ይወጣው ነበር! ከቆርቆሮው ሥር ኮርኒስ ቢኖር፣ የኛው የቀርከሃ ሰሌን ቢወጠርበት እንኳ፣ ጩኸቱ ይበርድ ነበር። ለስላሳና ደረቅ ገጽ ድምፅን መልሶ ይወረውራል፣ ሻካራና ቀዳዳ የበዛበት ገጽ ይውጠዋል። ይህ ፊዚክስ ነው፤ ሣር ከዳኙ አባት ግን ያለ ፊዚክስ ያውቀው ነበር።

ሁለተኛ፣ ሙቀት። በአንድ ክፍል ውስጥ ያደሩ ሴራሚክና እንጨት ሙቀታቸው እኩል ነው። ስትነኳቸው ግን ሴራሚኩ ይቀዘቅዛችኋል፣ ምክንያቱም የእጃችሁን ሙቀት ቶሎ ይወስዳል። እንጅባራ ላይ፣ በነሐሴ ጠዋት፣ አዛውንት በባዶ እግራቸው ሴራሚክ ሲረግጡ የሚሰማቸውን አስቡ። እሱ ላይ ውኃ ሲጨመርበት ደግሞ መንሸራተቱ አለ። ያማረ ወለል ለዓይን ተሠርቶ ለእግር የተረሳ ወለል ነው።

ሦስተኛ፣ ትዝታ። የዴንማርኩ አርክቴክት ስቲን አይለር ራስሙሰን በአንድ መጽሐፉ ሮም ውስጥ ልጆች የአንድን ትልቅ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ በኳስ እየመቱ ሲጫወቱ እንዳየ ይናገራል። እነዚያ ልጆች ሕንፃውን ከጎብኚው በላይ ያውቁታል፤ በክንዳቸውና በእግራቸው አውቀውታል። የጨርቅ ኳስ በትምህርት ቤት ግድግዳ የመታ ልጅ ሁሉ ይህ ይገባዋል። የፊንላንዱ ዩሃኒ ፓላስማ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተመው መጽሐፍ የዘመናችን ሕንፃ ለዓይን ብቻ አድልቶ ሌሎቹን የስሜት ሕዋሳት ረስቷል ብሎ ተከራክሯል። ሁለቱም ከእኛ ሩቅ ናቸው፤ ያሉት ነገር ግን እዚሁ ከእኛው አስፋልት ዳር ይታያል። ከዳንግላ እስከ እንጅባራ አዳዲሶቹ ፎቆች ፊታቸው መስተዋት ነው። መስተዋት አይደገፉበትም፣ ጥላ አይቀመጡበትም። ፀሐይን መልሶ በተላላፊው ዓይን ይወረውራል።

ሁሉም አዲስ ነገር ግን እንዲህ አይደለም። ኮብልስቶንን ተመልከቱ። በከተሞቻችን የተነጠፈው ይህ ድንጋይ በእጅ የተጠረበ ነው፤ ለብዙ ወጣት እንጀራ ሆኗል፣ የክረምቱን ጭቃ አስቀርቷል፣ ሲሰበርም ተነቅሎ ይተካል። እጅ ያለበት አዲስ ነገር ነው። ጥር 23 ቀን የአገው ፈረሰኞች በዓል ሲከበር ደግሞ ጆሯችሁን ስጡ። ኮቴ በሜዳው ሣር ላይ እንደ ከበሮ ይደልቃል፣ አስፋልት ላይ ሲወጣ እንደ መዶሻ ይሆናል። ፈረሱ ያው ፈረስ ነው፣ ፈረሰኛው ያው ነው፤ በዓሉ ግን በሜዳ ሌላ ነው። ሜዳውን ለሕንፃ ከሰጠነው የምናጣው መሬት ብቻ ሳይሆን ድምፁንም ጭምር ነው።

እና ምን እናድርግ? ቤት የምትሠሩ ሁሉ፣ አናጢውንና ግንበኛውን ስታነጋግሩ ስለ ካሬ ሜትር ብቻ አትጠይቁ። ደረጃውና መታጠቢያው ሻካራ ይሁን። ኮርኒሱን ከቀርከሃ አስቡበት፤ ባለሙያው እዚሁ አለ፣ ገንዘቡም እዚሁ ይቀራል። በረንዳው ላይ ሰው የሚደገፍበት፣ ልጅ የሚቀመጥበት መደብ ይኑር። ድንጋይ ካላችሁ አንዱን ግድግዳ እንኳ ሳትለስኑ ተዉት፤ የጠራቢው እጅ ይታይ።

እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ያላችሁ ተማሪዎች፣ መምህር የሆናችሁ የቀድሞ ልጆቼ፣ ይህ ለእናንተ ነው። የልቅለቃውን አሠራር የሚያውቁ እናቶች ዛሬ አሉ። የትኛው አፈር፣ ስንት ቀን ሲብላላ፣ እበቱ ከምን ጋር፣ አመዱ መቼ እንደሚገባ ያውቃሉ። ይህ እውቀት በየትኛውም መማሪያ መጽሐፍ አልገባም፤ በመዳፋቸው ነው ያለው፣ መዳፍ ደግሞ ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል። የአክሱም ጠራቢ የእንጨቱን ቤት በድንጋይ ባይቀርጸው ኖሮ ስለዚያ ቤት የምናውቀው ምን ያህል ያንስ ነበር! እኛ ድንጋይ መጥረብ አይጠበቅብንም። ስልክ አለን። አንድ ቅዳሜ ሄዳችሁ ተቀመጡ፣ ቡናቸውን ጠጡ፣ ጠይቁ፣ ቅረጹ፣ ስማቸውን ራሳቸው ከፈቀዱ ጻፉ። ግማሽ ክቡ ለመጀመሪያ ጊዜ ባለቤት ይኑረው።

ያደጋችሁበት ቤት ግድግዳ እጃችሁ ላይ ምን ይመስል ነበር? ከታች ጻፉልኝ፤ ሁሉንም አነባለሁ። የእናታችሁ ወይም የአያታችሁ ቤት ዛሬም ቆሞ ከሆነ ደግሞ፣ ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት መጀመሪያ በመዳፋችሁ ዳስሱት።

ክረምቱ የሰላም ይሁንልን።